ደጅ ሳትጠኑ ጠብቁ

ይድረስ ለሕክምና ትምህርት አመልክታችሁ ከቃለ መጠይቅ በኋላ «ተጠባባቂ» ለተባላችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እሱንም ለምደነዋል።

ውጤት በተለጠፈ ሰሞን ሁልጊዜ አንድ ነገር አያለሁ። ያለፈ ልጅ ቤት «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይባላል፣ ጠላ ይጠመቃል። ያላለፈ ልጅ ቤት «አይዞህ፣ ዕድሜ ይስጥህ እንጂ ገና ነህ» ይባላል፤ ልጁም ሰሞኑን ተክዞ ይነሳል። ተጠባባቂ ነህ፣ ቦታ ከተለቀቀ እንጠራሃለን ለተባለው ግን የሚባል ነገር የለም። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ልበል «አይዞህ» ልበል ብሎ ግራ ይገባውና «እና አሁን ምን አሉህ?» ይላል። በሳምንቱም ይጠይቃል። በማኅበሩም፣ ከቅዳሴ መልስም ይጠይቃል። ጨጓራዬን አመመኝ ብለው ከሚመጡልኝ ወጣቶች የአንዳንዶቹ ሕመም ይህ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱን ጽፌላቸው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ «ዶክተር፣ ተጠባባቂ ብለውኝ ነበር» ይላሉ።

በዚህ ዞን በሐኪምነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። የሕክምና ተማሪ ለመምረጥ በተቋቋመ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጬ አውቃለሁ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ያለውን ላጫውታችሁ።

ስንት ተማሪ እንደሚገባ የሚወስነው የአመልካቾቹ ጉብዝና አይደለም። የቤተ ሙከራው ወንበር፣ የዶርሙ አልጋ፣ የመምህሩ ቁጥር፣ በአናቶሚ ክፍል ያለው አስከሬን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተማሪው በሚለማመድበት ሆስፒታል የተኛው ታካሚ ብዛት ነው። አንድ ታካሚ አልጋ ዙሪያ ሃያ ተማሪ ቢቆም የሚማረው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተወሰነ በኋላ የጽሑፍ ፈተናው፣ የቀድሞው ውጤትና የቃለ መጠይቁ ነጥብ ይደመራል፤ ስም ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፤ ቦታው ያለቀበት ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በላይ የመጨረሻው ልጅና ከመስመሩ በታች የመጀመሪያው ልጅ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በነጥብ ስባሪ ነው። ያቺን ስባሪ ደግሞ ጠዋት መግባትና ከምሳ በኋላ መግባት ሊያመጣት ይችላል። ነጥብ የሚቸር መምህር አለ፤ ነጥብ ከኪሱ የሚወጣ የሚመስለውም አለ።

ይህን ለማጽናናት ያህል ያልኩት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የሆነውን ስሙ። ትምህርት ቤቱ 800 ያህል አመልካቾችን በቃለ መጠይቅ አይቶ፣ በደረጃ ደርድሮ፣ ለ150 ቦታ ተማሪ መርጦ ጨርሶ ነበር። ከዚያ የግዛቱ ምክር ቤት 50 ተማሪ ጨምሩ አለ። በዚያ ሰዓት ከፍ ያለ ደረጃ የነበራቸው ሌላ ቦታ ገብተው አልቀዋል፤ የቀሩት ከ700ኛ እስከ 800ኛ የተደረደሩት፣ ኮሚቴው ከሁሉ በታች ያስቀመጣቸው ነበሩ። 50ው ከእነሱ ተወሰዱ። በኋላ ተመራማሪዎች ሁለቱን ወገኖች በትምህርት ውጤት፣ በሆስፒታል ልምምድና ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ሥራቸው አነጻጸሯቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ለኮሚቴ ጓደኞቼ የነገርኳቸው ቀን አንዱ «ታዲያ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ሻይ መጣና ሳይመለስ ቀረ።

ቃለ መጠይቅ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ታካሚ ፊት መቅረብ የሌለበት ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚታወቅበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለው ግን ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥም አይገባም። እናንተን ትችላላችሁ ብለን ነው ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባናችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የወንበር ጉዳይ ነው። ዝርዝሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ምክንያት ነው፦ ከላይ ያለ ሰው ሲለቅ። አንዱ ሁለት ቦታ አልፎ አንዱን ይተዋል፤ አንዷ ቪዛ ይመጣላታል፤ አንዱ ገንዘብ ያጥረዋል፤ ሌላው ይታመማል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ደግሞ በምዝገባው ሳምንትና ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት ሬጅስትራሩ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ በየቀኑ ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ የለውም።

ይህን ለልጆቹ ማስረዳት ይቀላል። የሚከብደው ለአባቶቹ ማስረዳት ነው።

እኛ የሸዋ ሰዎች ደጅ መጥናት ከደማችን አልወጣም። አንኮበር የነገሥታቱ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ሹመት የፈለገ፣ ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የጎደለበት ሁሉ ግቢው በር ላይ ይከርም ነበር። ስንቁ አልቆ፣ ጋቢው ተበልቶ ይከርማል። መታየቱ ራሱ ሥራ ነበር። ዛሬ ያላየው ጌታ ነገ ያየዋል፤ አንድ ቀን «ያ ሰው ማነው?» ይላል፤ ያኔ ጉዳዩ ይነሳል። ለዚያ ዘመን የሚሆን ብልሃት ነበር። አባቶቻችሁ ታዲያ ይህንኑ ብልሃት ይዘው ሬጅስትራር ቢሮ ይሄዳሉ። ከመርሐቤቴ ሌሊት ተነስቶ፣ ጀማን ወርዶ ወጥቶ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ ኮሪደር ላይ የተቀመጠ አባት ስንቱን አይቻለሁ። ጸሐፊዋ ወንበር ትሰጠዋለች፤ ሻይ የምትገዛለትም አለች። የልጁ ተራ ቁጥር ግን በዚህ አይቀንስም። እንዲቀንስ ከተፈለገ ሌላ ልጅ መዘለል አለበት፤ ያም ልጅ አባት አለው፤ ምናልባትም አባቱ ከግሼ ወይም ከሞጃ መጥቶ በዚያው ኮሪደር ጫፍ ተቀምጧል።

ስለዚህ አባታችሁን አትላኩ። የሚያስፈልጋችሁን ራሳችሁ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩ በተራ ነው ወይስ ክፍት ቦታ በተገኘ ቁጥር እንደገና ይመረጣል? እስከ መቼ ቀን ይሠራል? ዘንድሮ ካልተጠራሁ ለከርሞ ይሸጋገራል ወይስ እንደ አዲስ ነው የማመለክተው? አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ትቀበላላችሁ? መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። ከዚያ በኋላ አትመላለሱ።

«ትልቅ ሰው ታውቃለህ?» የሚል ዘመድ መምጣቱ አይቀርም። እኔም ጋ ይደወላል። በቴሌግራም «ስምህን ወደ ላይ አወጣልሃለሁ» የሚል ደግሞ አለ፤ የሚጠይቀውም የአንድ በሬ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚያውቀው እናንተ የምታውቁትን ያህል ነው። ተራችሁ በራሱ ጊዜ ከደረሰ «እኔ ነኝ ያስገባሁት» ብሎ ገንዘቡን ያስቀራል፤ ካልደረሰ ስልኩን ይዘጋል።

ስለ ቤታችሁ ትንሽ ልቆይ፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነውና።

በኛ አገር፣ መንዝም ይሁን ተጉለት፣ ቡልጋም ይሁን ምንጃር፣ አንድ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል አንደኛ ከወጣ «ዶክተር» ይሉታል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብሎ የተረተው ይኸው ሕዝብ ነው፤ ልጁ ላይ ሲደርስ ግን ጥምጥሙን ያስቀድማል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ልጅ በቀበሌው አንድ ወይም ሁለት ነው። እናቱ በእሱ ምክንያት የምትጠራበት ስም ተቀይሯል፤ «የዶክተር እናት» ናት። እንግዲህ ልጁ የሚያዝነው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ የእናቱን ስም የሚቀማት ይመስለዋል። ለዚህ ሲል ይዋሻል። «መስከረም ላይ ትገባለህ ብለውኛል» ይላል። መስከረም ይጠባል።

አትዋሹ። ቁጭ ብላችሁ፣ አባትም እናትም ባሉበት፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ ንገሩ። እንዲህ በሉ፦ «ፈተናውን አልፌአለሁ። ቃለ መጠይቁ ላይም ችለሃል ብለውኛል። ቦታው ሞልቷል። ሰው ከለቀቀ ይጠሩኛል፤ ካልለቀቀ አይጠሩኝም። እስከዚህ ቀን ካልደወሉ ዘንድሮ አልቋል ማለት ነው። እኔ እስከዚያ ይህን እሠራለሁ።» ቀኑን መናገር አትርሱ። ቀን ያልተቆረጠለት ተስፋ ቤተሰብ ሙሉ ያሳምማል፤ ቀን ከተቆረጠለት ግን እናታችሁ ስእለቷንም በልክ ትሳላለች። ለጎረቤት አጭሩ ይበቃል፦ «ቦታ ሞልቶ ነው፤ አሁን ሥራ ይዣለሁ።» ይህን ሁለት ጊዜ የሰማ ሰው ሦስተኛ አይጠይቅም።

«ለበጎ ነው» የሚሏችሁን አትቆጡ። ማመን ግን ግዴታችሁ አይደለም። የወንበር እጥረት የወንበር እጥረት ነው። ማዘን ካለባችሁ እዘኑ፤ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ አልበላ ካላችሁ፣ ሳምንታት አልፈው ካልተለወጠ፣ በተለይ ደግሞ መኖር ራሱ ካስጠላችሁ ወደ ሆስፒታል ኑ፤ ሐኪም አናግሩ። ነገ ሐኪም ልሆን ነው የሚል ሰው መታከም ሊያፍር አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ታውቃላችሁ። ብዙ ተጠባባቂ ግን የቆመውን ባላ ነቅሎ ያልተተከለው ላይ ይንጠለጠላል። አንድ የመንዝ ልጅ አውቃለሁ፤ በመንግሥት ምደባ ፋርማሲ ደርሶት ነበር። በሌላ በኩል የሕክምና ተጠባባቂ ነው። ፋርማሲ ከገባሁ ሕክምናው ይቀርብኛል ብሎ ሳይመዘገብ ቀረ፤ የምዝገባው ቀን አለፈ፤ ዝርዝሩም ሳይደርስበት ተዘጋ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ በተደወለለት ቀን ዊዝድሮው የሚባለውን የማቋረጫ ፎርም ሞልቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ መሄድ ይችል ነበር። አሰልቺ ነው፤ ግን ይቻላል። ያልያዙትን ቦታ መልሶ መያዝ ነው የማይቻለው።

ዲግሪ ይዛችሁ ለሕክምና ያመለከታችሁ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖች ደግሞ ሥራችሁን አትልቀቁ። የምትሠሩበት ቦታ ለከርሞው ቃለ መጠይቅ ከማንኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት እስክትደርሱ በሽታው ራሱ ይለወጣል፤ ከላይ የሳንባ ምች ስታክሙ የነበራችሁ ከታች ወባ ትጠብቃችኋለች። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ሲባል «ሕዝቤን ለማገልገል» ብሎ አያቆምም። ያንን መልስ ጠዋትም ከሰዓትም እንሰማዋለን፤ እስክሪብቶ እንኳ አናነሳለትም። አንድ ጊዜ አንዲት ጤና መኮንን በቃሬዛ ስለመጣች ወላድ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ምን እንዳደረገችና ምን ማድረግ እንዳልቻለች ነገረችን። ያልቻለችውን ስትናገር ነው ሁላችንም ቀና ያልነው።

እሷም ተጠባባቂ ሆነች፤ አልተጠራችም። ታሪኩ «በዓመቱ ገባች» ብሎ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላመለከተችም። ወደ ጤና ጣቢያዋ ተመለሰች፤ ከጊዜ በኋላ በተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማህፀን ሕክምና ማስተርሷን ሠራች። ይህ በኛ አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለጤና መኮንኖች የተከፈተ ትምህርት ነው፤ በየወረዳው ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በቀዶ ጥገና የሚያዋልዱት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። ዛሬ ታካሚዎቿ «ዶክተር» ይሏታል፤ ማረም ሰልችቷት ትታዋለች። ደስተኛ ናት ብዬ ግን አልምልላችሁም። የዚያ ዓመት ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለወጣል። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ መኖር ይችላሉ።

የትምህርት ተቋሙ ተጨማሪ ጽሑፍ እቀበላለሁ ካለ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚያ አትለፉ። «ጉዳዩ፦» ብላችሁ ጀምሩ። ተጠባባቂ መሆናችሁን፣ ቦታ ቢገኝ ያለማመንታት እንደምትመጡ፣ ከቃለ መጠይቁ ወዲህ የተጨመረ ነገር ካለ እሱን ግለጹ፤ የሥራ ልምድ፣ አዲስ ውጤት፣ የወሰዳችሁት ሥልጠና። የቤተሰባችሁን ድህነት አትጻፉ። አንጀታችን ይንሰፈሰፋል እንጂ በዚያ ነጥብ መስጠት አንችልም። የተጨመረ ነገር ከሌለም አትጻፉ።

በግል ኮሌጅ ልግባ ለምትሉ አንድ ነገር ብቻ። ከመክፈላችሁ በፊት ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይሆን የሁሉንም ዓመታት ክፍያ ደምሩ። በሦስተኛው ዓመት ገንዘብ አልቆበት የሚያቋርጥ ልጅ ተጠባባቂ ከሆነው ይልቅ ያሳዝነኛል፤ በሬውም የለ፣ ዲግሪውም የለ።

ባሕር ማዶ ያላችሁ የዚህ አገር ልጆችም ትጽፉልኛላችሁ። የአሜሪካው አሠራር ሌላ ነው። እዚያ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ለሕክምና ያመለክታል፤ የሚገባው 23 ሺህ ገደማ ነው። አንድ አመልካች ብዙ ትምህርት ቤቶች ሊቀበሉት ይችላሉ፤ ኤፕሪል 30፣ በኛ ሚያዝያ 22፣ ሲደርስ አንዱን መምረጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዝርዝሩ በደንብ መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እስከ ትምህርት መጀመሪያ ቀን የሚጠራም አለ። የሚያስቸግረው ለቀጣዩ ዓመት ማመልከቻው የሚከፈተው በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። የዘንድሮውን መልስ ሳታገኙ የከርሞውን ማዘጋጀት ግድ ነው፤ ኤምካት የተባለው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናችሁም ዕድሜ አለው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ ውጤት አይቀበሉም። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለውን አመልካች ጨርሶ የማያዩ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ናቸው፤ ይህን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እንጂ ከከፈላችሁ በኋላ አትወቁት።

የቀረው ወረቀት ነው፤ ብዙ ሰው ቦታ የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። ተጠባባቂ የሚጠራው ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል። በነዚያ ቀናት ወረቀት ማሰባሰብ አይቻልም። የስምንተኛና የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁን፣ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የልደት ማስረጃና መታወቂያ ከነኮፒው ዛሬ አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን እዩ፤ የአያት ስም በአንድ ፊደል ተለይቶ ቀበሌ ለቀበሌ የተንከራተተ ልጅ አውቃለሁ። ዲግሪ ያላችሁ የኮስት ሼሪንጉን፣ የወጪ መጋራቱን፣ ጉዳይ ከወዲሁ ጨርሱ፤ ካልሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁ አይላክላችሁም። ሠራተኞች የመልቀቂያ ደብዳቤ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ።

ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጋችሁ ክፍት አድርጉት። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ኔትወርክ የጠፋ ቀን የሚደወልበት ሁለተኛ ቁጥር፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ወስዳችሁ ለሬጅስትራሩ አስመዝግቡ። ያ ዘመድ ደግሞ የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት የማያነሳ ዓይነት እንዳይሆን።